ሜልበርን ለምትኖሩ፦ ለቤተሰብ ፉትስክሬይ ይሻላል ወይስ ታርኒት?

ሰላም እንደምን ከረማችሁ። የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ባለቤቴ ሜልበርን መሃል ከተማ ሥራ አግኝታ ቪዛችን ወጥቷል፤ ሁለት ልጆች ይዘን እንሄዳለን። የምንከራይበትን ሰፈር መምረጥ ግን አቃተን።

ፉትስክሬይ ከመሃል ከተማው በስተምዕራብ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የሐበሻ ምግብ ቤቶችና ሱቆች አሉበት፣ ባቡርም አለው። ታርኒት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ይላል፤ አዳዲስ ሰፋ ያሉ ቤቶች የሚገኙት እዚያ ነው። ዘመዶቻችን «ሰፊ ቤት ያዙ፣ ርቀቱ ይለመዳል» ይሉናል።

እኔ ግን አይለመድም ባይ ነኝ። ባለቤቴ መገናኛ ለመድረስ ሳይነጋ የታክሲ ሰልፍ ትይዛለች፤ ማታ ስትመለስ ትንሹ ልጃችን ተኝቶ ነው የምታገኘው። እዚያም ይኸው እንዲደገም አልፈልግም። ለዚህ ስል ጠባብ ቤት ብንገባ አይከፋኝም።

ትልቋ አራተኛ ክፍል ናት። የመንግሥት ትምህርት ቤት የሚመደበው በመኖሪያ አድራሻ ስለሆነ ቤቱን ስንመርጥ ትምህርት ቤቱንም መረጥን ማለት ነው፤ ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝም ይኼ ነው። እንግሊዝኛዋ ገና ነው። አዲስ ገቢ ልጆችን በቋንቋ በደንብ የሚያግዝ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት በየትኛው ሰፈር አለ?

ጠዋት ከታርኒት በባቡር የምትመላለሱ፣ ከበር እስከ ቢሮ ስንት ሰዓት ይፈጅባችኋል? አከራዮችስ በአገሩ ቤት ተከራይቶ የማያውቅ ቤተሰብ ሲያመለክት ምን ማስረጃ ይጠይቃሉ? መካከል ላይ ያለው ሳንሻይን ይሻላል የምትሉም ካላችሁ ምክንያታችሁን ንገሩኝ።