ዶሮ በነጭ ወይንና በክሬም፦ ሶሱ ለምን ይበጣጠሳል?

ጠያቂ
ቅዳሜ ማታ 8 እንግዳ አለብኝ። ለሙከራ ስሠራው ሶሱ እንደ አይብ ተበጣጠሰ፣ ኮመጠጠም። ዶሮውን እንደ ዶሮ ወጥ በሎሚና በጨው ዘፍዝፌ አጥቤ፣ ግማሽ ጠርሙስ ወይንና ግማሽ ሊትር ወተት አንድ ላይ ጨመርኩ። የደረቱ ሥጋ ደግሞ ድርቅ አለ። የቱ ጋ ነው ስህተቱ?

ባለጓዳ
ወተቱና ሎሚው ናቸው፣ እህቴ። ወተት ስቡ ትንሽ ስለሆነ ኮምጣጣ ነገር ውስጥ ሲፈላ መበጣጠሱ አይቀርም። 35 በመቶ ስብ ያለው ክሬም ግን ይችለዋል። ሎሚውን ለወጡ ተዪለት። ዶሮውን በንጹሕ ጨርቅ በደንብ አድርቂው፤ እርጥብ ከሆነ መጥበሻ ላይ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ደረት ቶሎ ስለሚደርቅ ጭን ይሻላል።

ለ8 ሰው፦ አጥንት ያለው ጭን 2.5 ኪሎ፣ ወይን 500 ሚሊ ሊትር፣ ክሬም 300፣ የዶሮ መረቅ 300፣ እንጉዳይ ግማሽ ኪሎ፣ ቀይ ሽንኩርት 3፣ የፉርኖ ዱቄት 2 የሾርባ ማንኪያ፣ የገበታ ቅቤ 50 ግራም። ንጥር ቅቤ አይግባበት፣ ኮረሪማው ወይኑን ይውጠዋል።

ዶሮውን ጨው ነስንሰሽ በሦስት ዙር፣ ቆዳው ወደ ታች ሆኖ፣ 7 ደቂቃ ያህል ሳትነካኪው ጥበሺና አውጪው። ስቡን አፍስሰሽ በቅቤው እንጉዳዩን ውሃው እስኪያልቅ አብስዪ። ሽንኩርቱ ይለስልስ እንጂ እንደ ወጥ አይቅላ። ዱቄቱን አንድ ደቂቃ አቁላይው። ከዚያ ወይኑን ጨምረሽ፣ ከታች የያዘውን በእንጨት ማንኪያ እየፋቅሽ፣ ሳትከድኚ ግማሽ እስኪቀር አፍዪው። ጠጋ ብለሽ ስታሸቺው አፍንጫ የሚቆነጥጥ ከሆነ ገና ነው። መረቁንና ዶሮውን መልሰሽ በለስላሳ እሳት 35 ደቂቃ። ክሬሙ መጨረሻ ላይ ነው፦ መጀመሪያ አንድ ጭልፋ ትኩስ ሶስ ክሬሙ ላይ ጨምረሽ አዋህጂ፣ ከዚያ ወደ ድስቱ። ከዚህ በኋላ አይንተክተክ።

ጦስኝ
የተባለው የፈረንጅ ዶሮ ከሆነ ነው፤ የሐበሻ ዶሮ በ35 ደቂቃ አይበስልም። ወይኑ ጣፋጭ አይሁን፤ ሲመጥን ስኳሩ ይጎላል። ሪፍት ቫሊ ሻርዶኔ ጥሩ ነው። ቀይ ወይን ክሬሙን አመድማ ያደርገዋል። ሽፋን የሌለው የአሉሚኒየም ድስትም አይሆንም፣ የብረት ጣዕም ያመጣል። ጦስኝ ካሻሽ ሁለት ዘለላ ይበቃል።

ጭልፋ
እኔ ቆዳውን ግፈፊው ባይ ነኝ። ሶስ ውስጥ የራሰ ቆዳን እንግዳ ጠርዝ ላይ ነው የሚተወው።

ባለጓዳ
ቆዳው ከሶሱ በላይ ከሆነና ድስቱ ገርበብ ብሎ ከተከደነ ብዙ አይርስም። ካልተመቸሽ ግን ግፈፊው፣ ጣዕሙ ብዙ አይጎድልም።

ጭልፋ
ሌላም አለ። አልኮል በኖ ያልቃል የሚባለው ልክ አይደለም፤ ግማሽ ሰዓት ከተንተከተከ በኋላም ሲሶው ገደማ ይቀራል። የማይጠጣ ወይም እርጉዝ እንግዳ ካለሽ በወይኑ ፋንታ መረቅ አድርጊ፣ ከእሳት ካወረድሽ በኋላ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሎሚ ጠብ አድርጊበት።

ጠያቂ
ዓርብ ማታ ሠርቼ ባሳድረውስ?

ጦስኝ
ክሬሙ ሳይገባ አሳድሪው፣ ጣዕሙ ይሻሻላል። ቶሎ እንዲቀዘቅዝ ዘርግተሽ ፍሪጅ ውስጥ አስገቢ። ቅዳሜ በቀስታ አሙቂና ክሬሙን ያኔ ጨምሪ። ዓርብ ጾም ስለሆነ መቅመሱ ስለማይሆን ጨዉን ለቅዳሜ አቆዪ። ለነገሩ ሶሱ ከመጠነ በኋላ ነው ጨው የሚለካው፣ በተለይ መረቁ የማጂ ከሆነ።