የቡና ዋጋና የዶላር ምንዛሪ ከኢንተርኔት በቀጥታ ወደ ኤክሴል እንዲገባ፦ የትኛው አድ-ኢን ይሻላል?

ቡና_ሽት (ጠያቂ)

ሰላም ጤና ይስጥልን። የዓለም ባንክ በየወሩ የሚያወጣውን የሸቀጥ ዋጋ ፋይል (ፒንክ ሺት የሚባለውን) እያወረድን የአረቢካ ቡናን ኮለም ኮፒ አድርገን የራሳችን ሰንጠረዥ ላይ እንለጥፋለን። ከጎኑ የዶላር ምንዛሪ ይገባና አንድ ፈረሱላ ስንት ብር እንደሚያወጣ ይሰላል። ፔስት ሲደረግ አንድ ረድፍ ዝቅ ካለ ሁሉም ወር በሌላ ወር ምንዛሪ ይባዛል፤ ዓይን ደግሞ ቶሎ አይይዘውም።

ስለዚህ ሰንጠረዡ ከምንጩ ጋር ተያይዞ ሪፍሬሽ ሲባል አዲሱን ወር ራሱ እንዲያመጣ እንፈልጋለን። ያሉን ማሽኖች አንዱ ኤክሴል 2013፣ ሌላው 365 ነው። የትኛውን አድ-ኢን (ኤክሴል ላይ የሚጨመር ተቀጥላ ፕሮግራም) ልጫን? ቀኑ ላይም ችግር አለ፤ በዓመቱና በወሩ መካከል የእንግሊዝኛው ኤም ፊደል ገብቶ 2024ኤም01 እየሆነ ይመጣል፣ ኤክሴልም እንደ ቀን አይቀበለውም። ምንዛሪውንስ ከየት ብናገናኘው ይሻላል?

ኩየሪ_ወዳጅ

365 ላይ ምንም አትጫን። የምትፈልገው ፓወር ኩየሪ (መረጃ ከውጭ ምንጭ አምጥቶ የሚያስተካክል የኤክሴል መሣሪያ) ነው፤ በ2010 እና በ2013 ለብቻው የሚጫን አድ-ኢን ነበር፣ ከ2016 ጀምሮ ግን ኤክሴል ውስጥ ገብቶ ዳታ በሚለው ታብ ሥር «ጌት ዳታ» ሆኗል። 2013ቱ ማሽን ላይ ስትጭን የ32 ወይም የ64 ቢት ምርጫው ከኦፊሱ ጋር እንጂ ከዊንዶውሱ ጋር አይደለም መግጠም ያለበት። ብዙ ሰው «ተጭኗል ግን ታቡ የለም» የሚለው ወይ በዚህ ነው፣ ወይ ጠፍቶ ነው። ከጠፋ ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ አድ-ኢንስ ግባና ከታች «ኮም አድ-ኢንስ» መርጠህ ጎ በል፤ ፓወር ኩየሪ የሚለው ላይ ምልክት አድርግ። ማይክሮሶፍት አድ-ኢኑን ማደሱን ስላቆመ ግን ዋናውን ፋይል 365 ላይ ሠርተህ 2013ቱን ለማንበብ ብቻ ብትተወው ይሻላል። አዲሱ ላይ የተሠራ ኩየሪ (መረጃውን የሚያመጣው ትዕዛዝ) አሮጌው ላይ ሪፍሬሽ ላይሆን ይችላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የወርሃዊውን ኤክሴል ፋይል ሊንክ ራሱን ቅዳ። ፋይሉ የተለጠፈበትን ገጽ አድራሻ አይደለም፤ የማውረጃው ሊንክ ላይ ራይት ክሊክ አድርገህ የምትቀዳው ነው። ከዚያ ዳታ፣ ጌት ዳታ፣ «ፍሮም ዌብ» ብለህ ለጥፈው። መግቢያ ሲጠይቅህ «አኖኒመስ» በል። ናቪጌተሩ የፋይሉን ሽቶች ይዘረዝርልሃል፤ «መንዝሊ ፕራይስስ» የሚለውን ምረጥና «ሎድ» ሳይሆን «ትራንስፎርም ዳታ»ን ተጫን።

ኤዲተሩ ሲከፈት በስተቀኝ «አፕላይድ ስቴፕስ» ውስጥ ኤክሴል ሳትጠይቀው የጨመራቸው ሁለት እርምጃዎች ይኖራሉ፤ «ፕሮሞትድ ሄደርስ» እና «ቼንጅድ ታይፕ»። ሁለቱንም አጥፋ። የፋይሉ የላይኞቹ መስመሮች ርዕስና ማብራሪያ ናቸው፤ ርዕሱን የኮለም ስም አድርጎ ከወሰደው ቀጥሎ ያለው ሁሉ ይዛባል።

ከዚያ «ሪሙቭ ቶፕ ሮውስ» ብለህ የሸቀጦቹ ስም ካለበት መስመር በላይ ያለውን አስወግድ፤ «ዩዝ ፈርስት ሮው አዝ ሄደርስ» አድርግ (አሁንም «ቼንጅድ ታይፕ» ራሱ ከጨመረ አጥፋው)፤ ከሥሩ ያለውን የመለኪያ መስመር (በኪሎ ዶላር የሚለውን) አንድ ረድፍ ብለህ አውጣ። የቀኑ ኮለም ከላዩ ስም ስለሌለው «ኮለም1» ተብሎ ይመጣል። እሱንና አረቢካን ብቻ በኮንትሮል ይዘህ «ሪሙቭ አዘር ኮለምስ» በል። የማትፈልጋቸውን እየመረጥክ «ሪሙቭ ኮለምስ» ካልክ ግን ነገ ባንኩ ከነሱ የአንዱን ስም ቢቀይር «ኮለሙ አልተገኘም» ብሎ ይቆማል። ለማትጠቀምበት ኮለም ብለህ ለምን ትሰበራለህ?

ቀኑን ለማስተካከል ፎርሙላ አያስፈልግህም። ኮለሙን ይዘህ መጀመሪያ ታይፑን «ቴክስት» አድርግ፤ ከዚያ «ሪፕሌስ ቫልዩስ»፣ ኤምን በሰረዝ ተካ፤ ትራንስፎርም፣ ፎርማት፣ «አድ ሰፊክስ» ብለህ ሰረዝና 01 ጨምር፤ ታይፑን «ዴት» አድርግ። 2024-01-01 ሆኖ ይቀመጣል። ዓመት አስቀድሞ የተጻፈ ቀን ኮምፒውተሩ በአሜሪካም ይሁን በእንግሊዝ አቀማመጥ ቢሆን አይገለበጥም። ዋጋውን «ዴሲማል ነምበር» አድርገው። ሌላ ሸቀጥ ከጨመርክ ዋጋ በሌለበት ወር ነጥብ ነጥብ ተደርጎበት «ኤረር» ሊልህ ይችላል፤ «ሪፕሌስ ኤረርስ» ብለህ «ነል» (ባዶ) አስገባ። ዜሮ እንዳታስገባ፣ አማካዩን ይጥለዋል።

በመጨረሻ «ክሎዝ ኤንድ ሎድ ቱ»፣ ቴብል። የብር ስሌቱን ከዚሁ ቴብል ጎን ጻፈው፤ አዲስ ወር ሲገባ ፎርሙላው ራሱ ይወርዳል።

ዳታ_ቆፋሪ

ከላይ የተባለው ትክክል ነው፤ ችግሩ ሦስትና አራት ወር ቆይቶ ነው የሚመጣው። የዚያ ፋይል ሊንክ ቋሚ አይደለም። መካከሉ ላይ ያለው ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር ባንኩ አዲስ ሲያወጣ ሊቀየር ይችላል። 404 (ገጹ አልተገኘም) ብሎ ቢቆም ደግ ነው፣ ታውቀዋለህ። የሚያሳስበው አሮጌው ሊንክ ሳይሞት አሮጌውን ፋይል ማቅረቡን ሲቀጥል ነው። ሪፍሬሽ ትላለህ፣ አረንጓዴ ነው፣ ስህተት የለም፣ ቁጥሩ ግን ያለፈው ዓመት ላይ ቆሟል። ግንኙነቱ ሠራ ማለት መረጃው የዛሬ ነው ማለት አይደለም፤ እኔ እንደማየው አብዛኛው ሰው የሚሳተው እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር ጨምር። ኩየሪውን ራይት ክሊክ አድርገህ «ዱፕሊኬት» በል፣ ከ«ናቪጌሽን» በታች ያሉትን እርምጃዎች አጥፋና የላይኞቹን መስመሮች ብቻ ይዘህ «አፕዴትድ ኦን» የሚለውን መስመር ፊልተር አድርግ። እሱን ከሰንጠረዡ በላይ ባለ ሴል ላይ ጫነው፤ ማንም ሰው ፋይሉን ሲከፍት የምንጩ ቀን ዓይኑ ላይ ይገባል። ሁለተኛ፣ ከዛሬው ቀን ላይ የቀኑን ኮለም ማክስ (የመጨረሻውን ቀን) ቀንሰህ ውጤቱ ከ70 በላይ ከሆነ ሴሉ እንዲቀላ አድርግ። 70 ያልኩት እያንዳንዱ ወር በ1ኛው ቀን ስለሚመዘገብና ፋይሉ የሚወጣው በቀጣዩ ወር የመጀመሪያ ቀናት ስለሆነ ነው። የጃንዋሪ መረጃ እስከ ማርች መግቢያ ድረስ የመጨረሻው ሆኖ ይቆያል፣ እሱ ብቻ ወደ 63 ቀን ይሆናል። 30 ካደረግከው ሁልጊዜ ይቀላና ማንም ማየቱን ይተወዋል።

ሊንኩ ሲቀየር ኩየሪውን እንደገና አትሥራ። «ዳታ ሶርስ ሴቲንግስ» ውስጥ «ቼንጅ ሶርስ» የሚል አለ፤ አዲሱን እዚያ ለጥፍ፣ ዱፕሊኬቱም አብሮ ይቀየርልሃል። ሊንኩን ሽት ላይ ባለ ሴል አስቀምጠው ኩየሪው ከዚያ እንዲያነበው የሚያደርጉ አሉ። ያምራል፣ ግን «ፎርሙላ ፋየርዎል» የሚል ስህተት ይገጥማቸዋል፤ የፋይልህ ሴልና የውጪው ድረ ገጽ ሁለት ምንጭ ተብለው የአንዱ መረጃ ወደ ሌላው እንዳያልፍ ስለሚከለክል ነው። ሁለቱንም በ«ፕራይቬሲ ሌቭል» «ፐብሊክ» ብትላቸው ይለቃል። የደመወዝ ወይም የደንበኛ ሰንጠረዥ ያለበት ፋይል ላይ ግን ይህን አታድርግ። «ማኔጅ ፓራሜተርስ» ውስጥ ብታስቀምጠው ያለ ጣጣ ይሄዳል።

በሞባይል ዳታ ለምትሠሩ፦ «በየ60 ደቂቃው ሪፍሬሽ» የሚለውን አጥፉ። በወር አንዴ ለሚወጣ ፋይል «ሲከፈት ሪፍሬሽ» እንኳ ይበዛበታል። «ኩየሪ ኦፕሽንስ» ውስጥ ደግሞ ፕሪቪውን በባክግራውንድ አውርድ የሚለው ላይ ያለውን ምልክት አንሱ፣ ሳታውቁት የሚበላችሁ እሱ ነው። ፒቮት (ከዳታው የሚሠራ ማጠቃለያ ሰንጠረዥ) ካላችሁ የኩየሪው ፕሮፐርቲስ ላይ «ባክግራውንድ ሪፍሬሽ»ን አጥፉ፤ ካልሆነ «ሪፍሬሽ ኦል» ስትሉ ፒቮቱ ዳታው ሳይደርስ ይቀድምና የድሮውን ያሳያል። ሁለቴ መጫን ያለባችሁ የሚመስለው በዚህ ነው።

ፈረሱላ_17

ስለ ምንዛሪው ልጨምር። የባንኮችን የምንዛሪ ገጽ በ«ፍሮም ዌብ» ማምጣት ብዙ ጊዜ አይሳካም። ሰንጠረዡ ገጹ ከተከፈተ በኋላ በጃቫስክሪፕት የሚሞላ ከሆነ ናቪጌተሩ ባዶ «ዶክዩመንት» ብቻ ያሳያል። ብራውዘሩ ላይ ኤፍ12 ተጭነው ኔትወርክ የሚለውን ከፍተው ገጹን ሪፍሬሽ ሲያደርጉ ጄሰን (ፕሮግራም በቀላሉ የሚያነበው የመረጃ አቀማመጥ) የሚመልስ አድራሻ ካገኙ፣ ኩየሪው ላይ የሚለጠፈው እሱ ነው። ገጹ በታደሰ ቁጥር ግን ሊቀየር ይችላል፣ አይመኑት።

ጉግል ሺትስ ላይ ቀላል ነው። ጉግልፋይናንስ የሚለው ፎርሙላ ውስጥ በትምህርተ ጥቅስ ከረንሲ፣ ሁለት ነጥብ (:)፣ ከዚያ ዩኤስዲኢቲቢ ያለ ክፍተት ይጻፋል (ሁሉም በእንግሊዝኛ ፊደል)። «ፕራይስ»፣ መነሻ ቀን፣ መድረሻ ቀንና «ዴይሊ» ሲጨመርበት የየቀኑን ይዘረዝራል። ይህ ግን የገበያ አማካይ እንጂ ባንክዎ የውጭ ምንዛሪዎን የሚገዛበት ዋጋ አይደለም። ለግምት ይሆናል፣ ለሒሳብ መዝገብ አይሆንም።

የዓለም ባንክ ኤፒአይ (መረጃ በሊንክ የሚጠየቅበት መንገድ) ላይም የብር ይፋዊ ምንዛሪ አለ፣ ዓመታዊ አማካይ ነው። የሚጠቀምበት ካለ ሁለት ነገር ይያዝ፦ ፎርማት ካልነገሩት ከጄሰን ይልቅ ኤክስኤምኤል (ሌላ የመረጃ አቀማመጥ) ይመልሳል፣ እንዲሁም በአንድ ገጽ 50 ረድፍ ብቻ ነው የሚሰጠው። ከ1960 ጀምሮ ያለው ከ50 ስለሚበልጥና ከአዲሱ ወደ አሮጌው ስለሚደረደር የጥንቶቹ ዓመታት ድምፅ ሳያሰሙ ይቀራሉ። ሊንኩ መጨረሻ ላይ «ፐር ፔጅ» እኩል 100 ይጨመርበት። ጄሰኑ ሲመጣ ሁለት ክፍል አለው፤ የመጀመሪያው የገጽ ብዛት ነው፣ ዳታው ሁለተኛው «ሊስት» ውስጥ ነው።

የጁላይ 2024ን ወር ለብቻው ይዩት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 (ጁላይ 29 ቀን 2024) ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በዚያው ክረምት ከ100 በላይ ወጣ። የዚያ ወር አማካይ አብዛኛው አሮጌው ዋጋ ነው፤ በወሩ የመጨረሻ ቀናት ለተሸጠ ቡና ያንን አማካይ ማባዛት ስህተት ነው። «የተጋነነ ቁጥር አውጣ» የሚል ማጽጃ ያለው ኩየሪም ትክክለኛውን ዝላይ እንደ ስህተት ቆጥሮ ሊጥለው ይችላል።

ስሌቱን ለማመሳከር፦ የፒንክ ሺት ዋጋ በኪሎ ዶላር ነው፣ ፈረሱላ 17 ኪሎ። የኒው ዮርክ የቡና ገበያ ደግሞ ዋጋውን በፓውንድ በአሜሪካ ሳንቲም ይናገራል። 200 ሳንቲም በፓውንድ ማለት በኪሎ 4.41 ዶላር፣ በፈረሱላ 74.96 ዶላር ገደማ ነው። ሰንጠረዡ ከዚህ ከራቀ የሆነ ቦታ 2.2046 (በአንድ ኪሎ ውስጥ ያለው ፓውንድ) ተረስቷል።

ሌላም አለ፣ ከኤክሴል ውጪ ቢሆንም። ፒንክ ሺት ላይ «አረቢካ» የተባለው የዓለም አቀፉ ቡና ድርጅት «አዘር ማይልድስ» የሚለው ምድብ ነው። የኢትዮጵያ ቡና በድርጅቱ አመዳደብ ከብራዚል ጋር «ናቹራልስ» ውስጥ ነው ያለው። አካሄዱን ለማየት ያገለግላል፤ «የኛ ቡና ዋጋ» ብሎ ርዕስ መስጠት ግን አይገባም።

ቡና_ሽት (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በተባለው መሠረት ሠራሁት፤ ቀኑ ተስተካክሏል። አንድ ስህተት ቀረኝ፦ ስሙን በእጄ የጻፍኩበት እርምጃ ላይ «የአረቢካው ኮለም አልተገኘም» ይላል፣ ኮለሙ ግን ፊት ለፊቴ አለ! ደግሞስ ወሩን በእኛ አቆጣጠር፣ ጃንዋሪን ጥር ብዬ ባስቀምጠው?

ኩየሪ_ወዳጅ

ከስሙ በኋላ የማይታይ ክፍት ቦታ አለ፣ ወይም ትልቅና ትንሽ ፊደል ተለዋውጧል፤ ፓወር ኩየሪ ሁለቱንም ይለያል። ስሙን አትጻፈው፣ ኮለሙ ላይ ሁለቴ ክሊክ አድርገህ ከነክፍተቱ ቅዳው። ለዘለቄታው ከ«ፕሮሞትድ ሄደርስ» ቀጥሎ ኤፍኤክስን ተጫንና በቀመር መስመሩ ላይ ቴብል ነጥብ ትራንስፎርምኮለምኔምስ ጽፈህ በቅንፍ ውስጥ የቀደመውን እርምጃ ስም፣ ኮማ፣ ቴክስት ነጥብ ትሪም አስገባ። የሁሉንም ኮለም ስም ዳርና ዳር ይላጨዋል። ትልቅና ትንሽ ፊደሉን ግን አይነካም።

ፈረሱላ_17

ጃንዋሪን ጥር አይበሉት። ጃንዋሪ በአብዛኛው ዓመት ከታኅሣሥ 23 እስከ ጥር 23 ነው፤ ሩብ የሚሆነው ታኅሣሥ ውስጥ ይወድቃል። ወርሃዊ አማካይ ደግሞ ወደ ቀን ተመልሶ አይከፈልም። ኮለሙን በፈረንጅ ወር ይተዉት። ለበጀት ዓመት ሪፖርት ከጁላይ እስከ ጁን ያለውን ይዘው «ከሐምሌ 1 በሳምንት የሚቀድም» የሚል ማስታወሻ ከሥሩ ያድርጉበት፤ ሐምሌ 1 ጁላይ 8 ላይ ነው የሚውለው።