መሪ ሲለወጥ የረጅም ጊዜ ጥናት እንዴት ይጠበቃል?

ጥያቄ፦ ጅማ ዙሪያ ቤተሰቦችን ለዓመታት የምንከታተልበት ጥናት ዋና ተመራማሪው ስለተዛወሩ አዲሱ ኃላፊ መጠይቁን እንደገና ሊቀርጹት አስበዋል፤ የመረጃ ቋቱ የይለፍ ቃልም በአንድ ሰው እጅ ብቻ ነበር። ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ አስቀድማችሁ የይለፍ ቃሉን፣ የመለያ ቁጥር መዝገቡንና የስምምነት ቅጾቹን በቃለ ጉባኤ ተረከቡ። መጠይቁን በተመለከተ፣ «ባለፉት ሁለት ሳምንታት» የሚለው «ባለፈው ወር» ተብሎ ቢለወጥ እንኳ የዘንድሮው ቁጥር ከአምናው ጋር ስለማይነጻጸር፣ አዲስ ጥያቄ ከነባሮቹ በኋላ ይጨመር፤ ለውጡንም የሥነ ምግባር ኮሚቴው አስቀድሞ ያጽድቀው።

ሌላ መልስ፦ በ1948 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በ5,209 ሰዎች የተጀመረው የፍራሚንግሃም የልብ ጥናት ዳይሬክተሮቹ ቢፈራረቁም የመጀመሪያዎቹን ተሳታፊዎች ለአሥርት ዓመታት በየሁለት ዓመቱ ገደማ መርምሯል። ከሁሉ በላይ ግን ነባር መረጃ ሰብሳቢዎቹን አታሰናብቱ፤ እናቶቹ ቡና አፍልተው የሚጠብቁት እነርሱን እንጂ ኃላፊውን አይደለም።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። ርክክቡን ሰኞ እንጀምራለን።