ያረጀ አውቶማቲክ ካምቢዮ ማርሽ ሲቀይር ቆፍጠን እንዲል ምን ልቀይር? (ቶዮታ ኤ340)

ሰርፍ97፦
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናው የ1997 ፎርራነር ነው፤ ሞተሩ 3.4 ቪ6፣ ካምቢዮው ኤ340ኤፍ። ከአንድ ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ ሦስት ሲገባ ይለጠጣል፤ ሞተሩ ትንሽ ይጮህና ቀስ ብሎ ይይዛል። የኋላ ማርሽ ደህና ነው። ዘይቱ ቀይ ነው፣ የተቃጠለ አይሸትም። የአኩሙሌተር (የማርሹን አያያዝ የሚያለሰልሰው ፒስተን) ሞላዎቹን በጠንካራ ልቀይር ወይስ ሙሉ ሺፍት ኪት (የማርሽ አቀያየሩን የሚያጠነክር የመለዋወጫ ስብስብ) ላስገባ? ካምቢዮው ሳይወርድስ ይሠራል? መኪናው አዲስ አበባ ነው የሚውለው፤ አልፎ አልፎ ተጭኖ ወደ አዋሽ ይወርዳል።

ካምቢዮ_ቤት፦
ሳይወርድ ይሠራል። ግን ሞላ ከመግዛትህ በፊት ኬብሉን እይ።

ከስሮትሉ (የሞተሩ አየር መግቢያ በር) ተነስቶ ወደ ካምቢዮው የሚወርደው ኬብል ማርሽ መቼ እንደሚቀየር አይወስንም። ያ የኮምፒውተሩ ሥራ ነው፤ በሁለት ሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ትንንሽ ቫልቮች) ያዘዋል። ኬብሉ የሚያዘው የዘይቱን ግፊት ነው። ቫልቭ ቦዲው (ዘይቱን ወደየማርሹ የሚያከፋፍለው ክፍል) ላይ ያለችውን ካም ይስባል፣ ካሟ ቫልቭ ትገፋለች፣ ነዳጅ በረገጥክ መጠን ግፊቱ ይወጣል። ኬብሉ ሲላላ ሞተሩ ጉልበት እየሰጠ ግፊቱ ግን ዝቅ እንዳለ ይቀራል፤ ፍሪሲዮኖቹ (ማርሹን የሚይዙት ዲስኮች) እየተንሸራተቱ ይይዛሉ። የምትለው መለጠጥ ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው የሚመጣው።

ሞተሩን አጥፋና ሰው ፔዳሉን እስከ ወለሉ ይርገጥልህ። የስሮትሉ ቢራቢሮ ጨርሶ መከፈቱን በዓይንህ አረጋግጥ፤ የወለል ምንጣፍ ፔዳሉን ከያዘው ልኬቱ ሁሉ ስህተት ይሆናል። በዚያ ሁኔታ ከኬብሉ ላስቲክ ጫፍ እስከ ሽቦው ላይ የተቆነጠጠችው ማቆሚያ ያለው ክፍተት ከ0 እስከ 1 ሚሊሜትር መሆን አለበት። ከበለጠ በሁለቱ ዳዶዎች አስተካክል። አንዳንዱ ጋራዥ ኬብሉን ከልክ በላይ ወጥሮ «ጠነከረልህ» ብሎ ይሰጣል። ያ ጥገና አይደለም፤ መኪናው ቆሞም ግፊቱ ከፍ እንዳለ ስለሚቆይ ወደ ዲ ባስገባህ ቁጥር ይመታል።

ሞላና_ኦሪንግ፦
በኬብሉ እስማማለሁ። ልኬቱ ደህና ሆኖ ካልተለወጠ ወደ አኩሙሌተሮቹ ውረድ።

አኩሙሌተር ማለት በሞላ የሚገፋ ፒስተን ነው። ፍሪሲዮኑ ዘይት ሲሞላ ከዘይቱ ከፊሉን ወስዶ አያያዙን ያለሰልሳል። ቢ የካምቢዮው የውስጥ ፍሬኖች፣ ሲ ደግሞ የክላቾቹ መጠሪያ ነው፤ ከአንድ ወደ ሁለት የሚመለከተው የቢ2፣ ከሁለት ወደ ሦስት የሲ2፣ ከሦስት ወደ አራት የቢ0 ነው። የኋላ ማርሽም በሲ2 ስለሚሠራ፣ እሱ ደህና ከሆነ የሲ2 ዲስኮች ገና አላለቁም ብዬ እገምታለሁ። እኔ ቀድሜ የምጠረጥረው የፒስተኖቹን ኦሪንግ (የላስቲክ ቀለበት ማሸጊያ) ነው። በሙቀት እንደ ፕላስቲክ ይደርቃል፤ ስታወጣው ክብነቱ ጠፍቶ አንድ ጎኑ ዝርግ ሆኖ ታገኘዋለህ፣ ስታጥፈውም ይሰነጠቃል። ዘይቱ በዚያ ያመልጣል።

አሠራሩ፦ ዘይቱን አውርድ፣ የታችኛውን የዘይት ሳህን ፍታ። ማግኔቶቹ ላይ ያለው ስስ ግራጫ ጭቃ የተለመደ ነው፤ የብረት ፍንጣሪ ወይም የነሐስ ቅንጣት ካየህ ግን እዚያው አቁም፣ ያ ካምቢዮ ኦቨርሆል እንጂ ሞላ አይደለም የሚፈልገው። የብረት ቱቦዎቹን በሰፊ ካቻቢቴ በሁለቱም ጫፍ በኩል ቀስ እያልክ አንሳ፤ ከተጣመሙ አይገጥሙም። የሶሌኖይዶቹን ሶኬት ንቀል፣ ኬብሉን ከካሟ አውጣ። የቫልቭ ቦዲው ቡሎኖች ርዝመታቸው ይለያያል፣ ስለዚህ ካርቶን ላይ ቅርጹን ስለህ እያንዳንዱን በቦታው ሰካ። ሲወርድ ሞላዎቹና ትንሿ ቼክ ቦል (ዘይት ወደ ኋላ እንዳይመለስ የምትዘጋው) ከነሞላዋ ስለሚወድቁ ከሥር እጅህን ዘርጋ። ፒስተኖቹን በዘይት ቀዳዳቸው ዝቅ ያለ የኮምፕረሰር አየር ሰጥተህ በጨርቅ ተቀበል።

ሞላውን በቀለሙ ብቻ አትለየው፤ ነፃ ርዝመቱን በካሊፐር ለካ። አዲሱን ኦሪንግ የካምቢዮ ዘይት ወይም ቫዝሊን ቀባው፣ ግሪስ አታስነካው። ስትመልስ ማኑዋል ቫልቩ ከማርሽ ዘንጉ ክንድ ጋር መግጠሙን እይ፤ ይህ ከተዘለለ ማርሹ የትም አይገባም። ቫልቭ ቦዲው በ10 ኒውተን ሜትር፣ ሳህኑ በ7 ገደማ ይጠበቃል። ሲሊኮን አታብዛ፤ ወደ ውስጥ የተረፈው ተቆርጦ ማጣሪያው ላይ ይለጠፋል።

ሰርፍ97፦
እግዜር ይስጥልኝ። ጠንካራ ሞላ ባላገኝ ከነባሩ ሥር ሮንዴላ ብጨምርስ?

ሞላና_ኦሪንግ፦
አልመክርም። ሮንዴላው ወፍሮ የሞላው ጥምዞች ቀድመው እርስ በርስ ከተነካኩ ፒስተኑ ጉዞውን አይጨርስም፤ አኩሙሌተሩን እንደ መዝጋት ነው። ያኔ ድንጋጤው ሁሉ ወደ ካምቢዮ ጎሚኒ፣ ወደ ክሮቼራና ወደ ዲፈረንሻል ይሄዳል። ኦሪንጎቹን በሙሉ ቀይር፤ ጠንካራ ሞላ ካገኘህ ለቢ2 እና ለሲ2 ብቻ አስገባ። ሌሎቹ በነባራቸው ይቆዩ።

ባለጌጅ፦
ሙሉ ሺፍት ኪት ላልከው፣ ብዙዎቹ የቫልቭ ቦዲውን መለያ ሳህን ቀዳዳ በመሰርሰሪያ ማስፋት ይጠይቃሉ። የሰፋ ቀዳዳ አይጠብም፤ ካልወደድከው ሌላ ሳህን መፈለግ ነው። ለቤተሰብና ለጭነት መኪና ይህ አያስፈልግም።

ምንም ሳትፈታ አሁን ልታደርገው የምትችለው ፍተሻ አለ። ዘይቱ ሞቆ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ ከኤን ወደ ዲ አስገባና መያዙ እስኪሰማህ ሰዓት ያዝ። ከ1.2 ሰከንድ ማነስ አለበት። ወደ አር ከ1.5 ሰከንድ በታች። በየመሃሉ አንድ ደቂቃ እየጠበቅክ ሦስት ሦስት ጊዜ ለካና አማካዩን ውሰድ። ሁለቱም ከዘገዩ የጠቅላላው ግፊት ዝቅተኛ ነው፤ ያኔ የግፊት ጌጅ ሳይገባ ሞላ መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው። ጌጁ ቢያንስ እስከ 20 ባር የሚለካ ይሁን፤ በአር ከ10 ባር በላይ ይወጣል።

ከፍታውንም አትርሳ። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ሩብ ያህል ይሳሳል፣ የሞተሩም ጉልበት በዚያው ልክ ይቀንሳል። ኬብሉ ግን የሚያውቀው የስሮትሉን መከፈት ብቻ ነው፤ ግፊቱን አይቀንስም። ስለዚህ ጤነኛ ኤ340 እዚህ ከቆላው ይልቅ ጠንከር ብሎ መያዝ አለበት። አዲስ አበባ ላይ ከተለጠጠ፣ ተጭኖ አዋሽ ሲወርድ ይብሳል። ለዚያ መንገድ ከሞላው በላይ ተጨማሪ የዘይት ማቀዝቀዣ ያስፈልግሃል፤ ከራዲያተሩ በሚመለሰው መስመር ላይ ይገጠማል።

ካምቢዮ_ቤት፦
ባለኬብሉ ኤ340 ዴክስሮን 3 የተባለውን የካምቢዮ ዘይት ነው የሚወስደው። በማፍሰሻው ብቻ 2 ሊትር ገደማ ይወጣል፤ ቫልቭ ቦዲው ሲወርድ ስለሚጨምር 6 ሊትር ይዘህ ጀምር። መጀመሪያ ያወጣኸውን ያህል መልስ፣ ሞተሩን አስነሳ፣ ፍሬን ይዘህ ማርሹን ከፒ እስከ ኤል አመላልስ። የመጨረሻውን ልክ የምታየው ዘይቱ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሲደርስ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ማርሹ ፒ ላይ ሆኖ ነው። ቀዝቃዛ ሳለ እስከ ሙቅ ምልክቱ ከሞላኸው ሲሞቅ አረፋ ይሠራል፤ አረፋ ያለው ዘይት ግፊት አይዝም፣ መለጠጡም ይመለሳል።