የፊንላንዱ «ቪሊ» አልረጋ አለኝ

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦
ፊንላንድ የምትኖር እህቴ «ቪሊ» የሚባለውን የአገሩን እርጎ እርሾ አምጥታልኝ፣ እናቴ እንዳስተማረችኝ በወይራ በታጠነ ቅል ባስቀምጠው ሁለት ቀን ሙሉ ሳይረጋ ቀረ። ስሕተቴ ምን ላይ ነው?

መልስ (ከዳንግላ)፦
ከጭሱ ይመስለኛል። የወይራ ጭስ ለእኛ እርጎ መዓዛ የሚሰጠውንና ቶሎ እንዳይኮመጥጥ የሚያደርገውን ያህል፣ እንግዳውን እርሾ ሊያዳክመው ይችላል። ወተቱን አፍልተው በደንብ ካቀዘቀዙ በኋላ፣ ባልታጠነ ንጹሕ ብርጭቆ አንድ የሾርባ ማንኪያ እርሾ ጨምረው፣ 20 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ክፍል ለ24 ሰዓት ያህል ሳይነቀንቁ ይተዉት። ምድጃ ዳር አያስጠጉት። ሲደርስ በማንኪያ ቢያነሡት እንደ ተልባ ልጋግ ይሳባል፤ ላዩ ላይ እንደ ከፋይ የለሰለሰ ነጭ ሽፋን ቢያዩ ጠባዩ ነውና አይደንግጡ፤ ቀይ ወይም ጥቁር ሻጋታ ከሆነ ግን ይድፉት።

መልስ (ከሞጣ)፦
የአይስላንዱ «ስኪር» ደግሞ ለአይባችን ይቀርባል፤ ሆኖም እኛ አይብ የምናወጣው ቅቤው ከወጣለት አሬራ ሲሆን፣ እነርሱ ስቡ የተገፈፈ ወተት አሙቀው፣ እርሾና ማርጊያ ጨምረው በጨርቅ ያጠሉታል።

ጠያቂ፦
ከልብ አመሰግናለሁ። የቀረኝ እርሾ ሁለት ማንኪያ ብቻ ስለሆነ፣ ግማሹን አስቀርቼ ዛሬ ማታ በብርጭቆ እሞክረዋለሁ።