ኬሞ ላይ ያላችሁ ከማን ጋር ነው የምታወሩት?

የደሴዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የ36 አመት ሴት ነኝ፣ ኑሮዬ ደሴ ነው፣ የጡት ካንሰር ነው ተብሎ ጥቁር አንበሳ ሪፈር ተጽፎልኝ መጥቼ አሁን ሶስተኛውን ኬሞ ጨረስኩ፣ በየ21 ቀኑ ነው፣ እህቴ ቤት ነው ያረፍኩት። ጥያቄዬ ስለ መድኃኒቱ አይደለም፣ የቸገረኝ ሰው ነው። ሰው አጥቼ ግን አይደለም፣ ቤቱ በጠያቂ ይሞላል፣ እህቴም እንደ ህፃን ነው የያዘችኝ፣ ግን ሁሉም "አይዞሽ፣ እግዜር ያውቃል" ብሎ ቡናውን ጠጥቶ ይሄዳል፣ የቡናው ጭስ ራሱ እንደሚያጥወለውለኝ እንኳን ለማንም አልተናገርኩም፣ ለኔ ብለው ያፈሉትን እንዴት ልበላቸው። ስሙን የሚጠራ የለም፣ "ያ በሽታ" ነው የሚሉት። አንዷ ጎረቤት ጭራሽ "የአጎቴ ልጅም እንዳንቺው አድርጓት ስድስት ወር አልቆየችም" ብላኝ አረፈችው። እናቴ ደግሞ ደሴ ናት፣ ልጅሽ ጨጓራዋን እየታከመች ነው ተብላ ነው ያለችው፣ ስትደውል ጉሮሮዬን ጠርጌ ነው የማነሳው። ማታ ሁሉም ሲተኛ ስልኬን ይዤ አፈጣለሁ። ያንን ቀዩን መድኃኒት ወስዶ ሽንቱ ቀይ ሲሆን የደነገጠ ሰው ማናገር ነው የምፈልገው፣ እንደዛ አይነት ሰው የት ይገኛል?

ሻሽ ለባሿ፦
የኔ እህት እኔ ደንግጫለሁ ሃሃ፣ ደም መስሎኝ ባሌን ከእንቅልፉ ቀስቅሼ አብረን አለቀስን፣ ለካ የመድኃኒቱ ቀለም ነው። የት ይገኛል ላልሽው እኔ ያገኘሁት እዛው ተራ መጠበቂያው ወንበር ላይ ነው። መጀመሪያ ሰው እንዳያየኝ ነጠላዬን እስከ አይኔ ተከናንቤ ነበር የምቀመጠው፣ አንድ ቀን አጠገቤ ያለችው ሴት ማቅለሽለሼን አይታ ከቦርሳዋ ሎሚ አውጥታ ሰጠችኝ፣ ከጅማ አካባቢ ነው የመጣችው፣ አማርኛዋ ትንሽ ነው የኔ ኦሮምኛ ደግሞ ጭራሽ የለም፣ ግን ተግባባን። ከዛ ምን አስተዋልኩ መሰለሽ፣ 21 ቀን ቆጥረሽ ስትመለሺ ያው ሰው ነው የሚጠብቅሽ፣ ያንቺ ቀን የነሱም ቀን ነው፣ እንደ ማህበር በይው፣ ልክ በወሩ ሚካኤልን እንደሚጠጡት ማለት ነው። ስድስት ሆንን። ቀድማ የደረሰች ለሌላው ወረፋ ትይዛለች፣ አንዷ አጥሚት በፔርሙዝ ታመጣለች፣ አፋችን ቆስሎ በርበሬ ስለማይቀርብ ማን ምን መብላት እንደቻለ እናወራለን፣ ስለ ባሎቻችንም እናማለን። ደፍረሽ ሰላም በያቸው ብቻ፣ "ስንተኛሽ ነው?" ማለት ይበቃል።

አንድ ነገር ሳልነግርሽ ማለፍ አልፈልግም። ከስድስታችን አንዷ የለችም አሁን። ቀጠሮዋ ቀን ቀረች፣ ስልኳን ወንድሟ አነሳው። ለሁለት ዙር ያህል ከማንም ጋር ሳላወራ ጥግ ላይ ነበር የምቀመጠው፣ እንዲህ ከሚሆን ባላወቅኳት ይሻል ነበር ብዬ። ከዛ ተመለስኩ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ የሚገባቸው እነሱ ብቻ ስለሆኑ መሰለኝ።

አስታማሚ፦
ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን ጠይቂ፣ አዲስ አበባ ነው። ልጃቸውን በሉኪሚያ (በደም ካንሰር) ያጡ ወላጆች ናቸው በፈረንጆቹ 2004 ያቋቋሙት፣ ከክፍለ ሀገር ለሚመጣና ማረፊያ ለሌለው ታካሚ ቤት አላቸው፣ አንቺ ማረፊያ ቢኖርሽም ሰው ታገኚበታለሽ። ልጅ የታመመባችሁ ካላችሁ ደግሞ ተስፋ አዲስ የሚባል የወላጆች ድርጅት አለ። ህመሙ የበረታበት ሰው ካለ ሆስፒስ ኢትዮጵያ የሚባል ድርጅት አለ፣ ነርሶቹ ቤት ድረስ እየመጡ ነው የሚያዩት፣ ሰው ግን ስሙን ሲሰማ ለመሞት የሚኬድበት ይመስለዋል፣ ህመም ማስታገስም ስራቸው ነው።

ልምድ አለኝ፦
የቴሌግራም ግሩፕ ገብተሽ እንደሆነ ጠንቀቅ በይ። እኔ የገባሁበት ላይ በሁለተኛው ቀን አንዱ በኢንቦክስ መጥቶ የቅጠል ዱቄት በ6 ሺህ ብር ሊሸጥልኝ፣ "ኬሞው ነው የሚገድልሽ" ሲለኝ ብሎክ አደረግኩት። ከኛ ውስጥ አንዷ ኬሞውን አቋርጣ ሁለት ወር ፀበል ተቀምጣ ስትመለስ ተሰራጭቶ ነበር፣ ፀበል አትሂዱ አይደለም፣ እኔም እጠመቃለሁ፣ ቀጠሮ አትዝለሉ ነው። ሌላው የጠያቂው ነገር፣ ከኬሞ በኋላ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ በሽታ የሚከላከልልሽ ነጭ የደም ሴል በጣም ይወርዳል፣ ጉንፋን የያዘው ሰው ሊስምሽ አይገባም፣ ትኩሳትሽ 38 ከገባ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ነው፣ ነገ እናያለን አይባልም። እህትሽ በር ላይ ቆማ "ዶክተሩ ሰው ከልክሏል" ትበልልሽ፣ ማንም አይቀየምም፣ ቡናውም በዛው ይቀርልሻል።

የእድር ጸሐፊ፦
ልጄ እግዚአብሔር ይማርሽ። እኔ በሰፈራችን እድር 14 አመት ጸሐፊ ነኝ። አንድ ጎረቤታችን ታሞ ሳለ "ድንኳኑን አሁን ትከሉልኝና ከናንተ ጋር ልቀመጥበት" ብሎ ሲቀልድ ሁላችንም ስቀን ወጣን፣ ከሞተ በኋላ ነው ነገሩ የከነከነኝ። በስብሰባ አንስተን ብዙ ተጨቃጭቀን፣ ካዝናው ይራቆታል ያሉም ነበሩ፣ በመጨረሻ ለረጅም ጊዜ ለታመመ አባል ትንሽ ገንዘብ እንዲሰጥና ሐኪም ቤት የሚያደርሰው ሰው በተራ እንዲመደብ ደንብ አወጣን። ብሩ ያን ያህል አይደለም፣ ተራው ነው የጠቀመው፣ ምክንያቱም አብሮሽ ሄዶ ሙሉ ቀን የተቀመጠ ሰው ሲመለስ "አይዞሽ" ብቻ ብሎ አይሄድም። የእህትሽን እድር ጠይቂያቸው፣ ደንቡ ባይኖር እንኳ ጥያቄውን አንድ ሰው ካላነሳው አይነሳም።

ከቨርጂኒያ፦
ስለ እናትሽ ብቻ ነው የምጽፈው። እኔ የናትሽ ቦታ ነበርኩ። እማዬ አዲስ አበባ ኬሞ ስትወስድ ለኔ "ደም ግፊት ነው" ነበር የሚሉኝ፣ እንዳልጨነቅ፣ ስራዬን ጥዬ እንዳልሄድ። በቪዲዮ ስንደዋወል ሻሽ አድርጋ ነበር፣ አማረብሽ አልኳት። ከዛ መርዶ ነጋሪዎች ጠዋት በሬን አንኳኩ። አምስት አመቴ ነው አሁንም አልወጣልኝም፣ በሽታው ብቻ አይደለም፣ አማረብሽ ማለቴ። የናትሽን ጠባይ አንቺ ነሽ የምታውቂው፣ ግን ንገሪያት ባይ ነኝ።

እዚህ አሜሪካ ሆናችሁ የምታነቡ ደግሞ ሆስፒታሉን አማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ በነፃ ነው፣ ልጆቻችሁን አታስተርጉሙ። ማህበራዊ ሰራተኛም ጠይቁ፣ ትራንስፖርቱንም ማረፊያውንም የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

የደሴዋ፦
አነበብኩት ሁሉንም፣ ሁለት ሶስቴ። ከቨርጂኒያ ያልሽው እህቴ ምን እንደምልሽ አላውቅም፣ ነፍስ ይማር። ለእናቴ ገና አልነገርኩም፣ ትናንት ደውላ "ጨጓራሽ እንዴት ነው" ስትለኝ "እማ ጨጓራ አይደለም" ብዬ ጀምሬ ኔትወርኩ ተቋረጠ፣ መልሼ አልደወልኩም፣ እሷም አልደወለችም፣ ምናልባት ገብቷታል። ጋሼ የእድሩን ነገር ለእህቴ ባል ነግሬዋለሁ፣ እሁድ ስብሰባ አለ ብሏል። ሻሽ ለባሿ፣ ቀጣዩ ማክሰኞ ነው፣ ያንቺስ ቀን መቼ ነው?

ሻሽ ለባሿ፦
እኔ እንኳን ኬሞውን ጨርሼ ታሞክሲፈን የሚባለው ኪኒን ላይ ነኝ፣ ግን ያልኩሽ ሴቶች ማክሰኞ ናቸው፣ እመጣለሁ። የደም ምርመራሽን ሰኞ አሰርተሽ ውጤቱን ይዘሽ ነይ፣ አለዚያ ማክሰኞ የደም ምርመራው (ሲቢሲ) ወረፋ ላይ ነው የምትውይው። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ድረሺ፣ ከመስኮቱ በኩል ያለው ወንበር፣ የምትስቅ ወፍራም ሴት ካየሽ እሷ ጋ ተቀመጪ።