ካውቺንግ የሚባለው ጥልፍ ምንድን ነው?

ጀማሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የወርቅ ክር ጥልፍ መማር ከጀመርኩ ሦስት ሳምንቴ ነው። መምህሯ ደጋግማ «ካውቺንግ» ትላለች። መዝገበ ቃላት ሳይ ሶፋ ይለኛል፣ ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ ደግሞ የዓይን ሞራ ሕክምና ይመጣብኛል። ግራ ገባኝ። ትናንት የወርቁን ክር እንደ ሌላው ክር መርፌ ላይ ሰክቼ ጨርቁ ውስጥ ስስበው ላዩ ተልጦ ውስጡ ያለው ቢጫ ፈትል ብቻ ቀረ። ክሩ ውድ ነው፣ በጣም ነው ያናደደኝ። ምን አጥፍቼ ነው?

ወርቀ ዘቦ፦
አይዞሽ እህቴ። የወርቅ ክር ውስጡ የሐር ወይም የጥጥ ፈትል ነው፣ ላዩ ላይ ስስ ብረት ተጠምጥሞበታል። ጨርቅ ውስጥ ሲያልፍ ብረቱ ይላጣል። ለዚህ ነው በሱ የማይሰፋው። ጨርቁ ላይ ታስተኚውና በቀጭን የሐር ክር ከላይ እያቋረጥሽ በየ3 ሚሊ ሜትሩ ታስሪዋለሽ፤ ካውቺንግ የሚባለው ይኸው ነው። ማሰሪያውን ክር መጀመሪያ ሰም አስነኪው፣ አይተበተብብሽም። ሁለተኛውን መስመር ስትጀምሪ እንደ ጡብ ድርድር በፊተኞቹ ማሰሪያዎች መሃል መሃል ውጊ። ወደ ጀርባ የሚያልፈው ጫፉ ብቻ ነው፣ እሱም መጨረሻ ላይ፣ ቀዳዳው ሰፊ በሆነ መርፌ።

ቃል ወዳድ፦
ቃሉ የመጣው ከፈረንሳይኛው «ኩሼ» ነው፣ ማስተኛት፣ ማጋደም ማለት ነው። ሶፋውም ጋደም የሚባልበት ስለሆነ ነው። የዓይኑም ያው ነው፤ ድሮ ሞራ የጋረደውን ሌንስ በመርፌ ገፍተው ወደ ዓይኑ ውስጥ ያስተኙት ነበር። ስንቱ ዓይኑ አመርቅዞ ብርሃኑን እንዳጣ ሳስብ ያመኛል። ወረቀት በእጅ የሚሠሩ ሰዎችም እርጥቡን ወረቀት ከወንፊቱ ሱፍ ጨርቅ ላይ ገልብጠው ሲያሳርፉት በዚሁ ቃል ነው የሚጠሩት፣ ሲያነቡት ግን «ኩቺንግ» ይላሉ። እኔ «አስተኝቶ መጥለፍ» ብንለው ደስ ይለኛል፣ ሥራውን ራሱን ይናገራል።

የሱፍ ክር፦
በወርቅ ብቻ እንዳይመስልሽ። ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን የያዙበትን ታሪክ የሚያሳየው የባዩ ጥልፍ 70 ሜትር ገደማ ነው፣ በተልባ እግር ጨርቅ ላይ በሱፍ ክር የተሠራ። የፈረሶቹን ገላ አቅርበሽ እዪው። ክሩ ጎን ለጎን ተኝቷል፣ በላዩ ሌላ ክር አግድም አልፏል፣ እሱም በጥቃቅን ስፌት ታስሯል። ክሩ በሙሉ ከላይ ስለሚቀር ወደ ጀርባ የሚባክን ሱፍ የለም ማለት ይቻላል። በጣም ነው የምወደው!

ጀማሪዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን ገባኝ። ሁለት የወርቅ ክር አንድ ላይ ማስተኛት ይቻላል?

ወርቀ ዘቦ፦
እንዴታ፣ ብዙ ጊዜ ሁለት ሁለቱን ነው የምናስረው። ማዕዘን ላይ ስትደርሺ ግን የውጪውን ለብቻው እሰሪና አጥፊው፣ ከዚያ የውስጡን።